ፊት የሚተኩሱ ጎረቤቶች

እናንተዬ፣ ሰው ፊቱን እንደ ሸሚዝ ሲተኩስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ አይቻለሁ። የተሸበሸበ ቆዳ ይወጥራል የተባለ፣ ሲሰኩት የሚግል ትንሽ ማሽን አንዷ ጎረቤታችን ገዛች። ከዚያማ እንደ ወንፊት ከቤት ቤት እየተዋሱት ብሎኩን አዳረሰ። አብሮት የመጣው ቅባት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አለቀ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በቫዝሊን ቀጠሉ። የአንዷ ጉንጭ ሲቃጠልስ ማን አቆመ?

በመጨረሻ አልማዝ ቤት ደረሰ። እሁድ ልጇን ትድራለች። ስገባ ማሽኑ ተሰክቶ፣ ቀይ መብራቱ በርቶ፣ እሷ መስታወት ፊት ቆማለች። የመመሪያው ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ እንደታጠፈ ነው፤ በቻይንኛ ስለተጻፈ የተማሩትም ትተውታል። እኔ ድሮም የማየው ሥዕል ነውና ገለጥኩት። ልብ ተስሏል፤ ልቡ ላይ ባትሪ፤ በላዩ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል።

የአልማዝ ልብ የሚመታው ሐኪሞች ደረቷ ውስጥ በቀበሩት ባትሪ መሆኑን ብሎኩ ሁሉ ያውቃል።

«አልማዝ፣ እጅሽን መልሺ!» አልኩ።

«እማማ ደግሞ! ፊቴን እንጂ ደረቴን መቼ ነካሁ?»

«ሐኪምሽን ጠይቀሻል?»

ወደ መስታወቱ ዞረች። ማሽኑ ጉንጯ ጋ ሊደርስ አንድ ጣት ቀርቶታል።

«ታዲያ በዚህ ፊት ፎቶ ልነሳ?»

«ተነሺ እንጂ! ልጅሽ ፎቶሽን ታቅፋ ከምትዳር፣ ከነሽብሽብሽ አጠገቧ ብትቆሚ አይሻላትም?»

ሶኬቱን ነቀለችው። ፊቴን ትክ ብላ እያየች፣ «የእርስዎስ ልብ ደህና ነው አይደል?» ብላ ማሽኑን ዘረጋችልኝ።