ጋሽ ሙራድ የመረጠልን መስመር

ማንም ሳይሾመው ሥልጣን የያዘ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አንዱ የመኪና ሐኪም ነው፣ ሌላው የችሎት ጠበቃ፣ ሌላው ደግሞ ጥርሳችሁን ሲያማችሁ ከሐኪሙ ቀድሞ አፋችሁን ያስከፍታል። የእኛ የሆሳዕና ድርሻ ግን ከበድ ያለ ነበር። ስካይፕ ብርቅ በነበረበት፣ ቤት ኢንተርኔት ማስገባት እንደ ሠርግ በሚወራበት በዚያ ዘመን፣ የከተማው የኢንተርኔት ጉዳይ ጠቅልሎ በክቡር ጋሽ ሙራድ እጅ ነበር።

ጋሽ ሙራድ የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ ነው። ይህ ከኢንተርኔት ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ የሚጠይቀው ሰው ወንበር ስቦ ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ መልሱ አጭር አይደለም። «የዚህን ከተማ ጣሪያ ግማሹን የሸጥኩት እኔ ነኝ» ይላል። «ኔትወርክ ቆርቆሮ አይወድም። የትኛው ቤት ምን ዓይነት ቆርቆሮ እንደለበሰ የማውቀው እኔ ነኝ። ታዲያ ከእኔ በላይ ማን ይምከር?» በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ስለ ቀበሌው ጽዳት ሲወራ እንኳ እጁን ያወጣል። «ጽዳቱ ጥሩ ነው» ብሎ ይጀምርና፣ ሰብሳቢው ሳያስበው ጉባኤው ስለ ዋየርለስ እየተወያየ ይገኛል።

ልብስ ሰፊዋ ሰዓዳ የቀሚስ ሞዴል ለማየት ከሁሉም ፈጣኑን መስመር ልታስገባ መሆኑን የሰማ ቀን፣ ሱቁን ክፍት ትቶ ሄደ። «ለዶሮ ቤት ወፍራሙ ሃያ ስምንት ጌጅ ቆርቆሮ ይገዛል?» አላት። ሰዓዳ የሰደባት መስሏት ተቀይማ ነበር። በኋላ ግን ትንሹን አስገባች። ሥዕሉ ቀስ እያለ ይመጣል፣ እሷም እስኪመጣ እጅጌ ትሰፋለች።

የዶዮገናው ዘመዱ ሀይደር ደግሞ የስልክ ምሰሶ በሌለበት ሰፈር ተቀምጦ «ገመድ ካልሆነ አልፈልግም» ብሎ ነበር። ጋሽ ሙራድ አሳመነውና ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ፣ ያለ ገመድ የሚሠራ ዶንግል አስገዛው። ከዚያ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ቤቱን ጥግ ለጥግ ዞረበት፤ ሳሎን የለም፣ ጓዳ የለም። በመጨረሻ ጥሩ ሆኖ የተገኘው ከጋጣው መስኮት ሥር ነው። ሀይደር እስከ ዛሬ ኢሜይሉን የሚያነበው ከፈረሱ ጎን ቆሞ ነው።

የእኛ ተራ የደረሰው በባለቤቴ በራሄል ምክንያት ነው። ራሄል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመማር ስንት ቦታ እንዳመለከተች እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ቤቷ ሆና በኢንተርኔት እንድትማር ፈቃደኛ ሆነ። የቀራት በቪዲዮ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር። የዕድሜ ገደቡ ላይ ስለደረሰች ዘንድሮ ካልሆነ አበቃ ማለት ነው። ይህን እያወቅኩ ወደ ሌላ ሰው ልሄድ አልችልም ነበር፤ ብሄድም ጋሽ ሙራድ መስማቱ አይቀርም።

«መምህር አሞጽ፣ መጀመሪያ ጣሪያህን ልይ» አለኝ። መጣ፣ አንጋጦ አየ፣ ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ የእኔ ቆርቆሮ አይደለም» አለ። ቤቱን ተሠርቶ ነው የገዛነው ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነው ያመነኝ።

ከዚያ ምርመራው ቀጠለ። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ፊልም የሚያይ አለ? ምን ልትሠሩበት ነው?

«ፊት ለፊት እያየኋቸው ላወራበት ነው ጋሼ» አለች ራሄል። «መቋረጥ የለበትም።»

«እንግዲያው ገመድ ነው» አለ። «ስሚኝ ልጄ። ዋየርለስ ማለት ከገጠሩ ከሌሞ ወደ ከተማ እንደሚያስገባው መንገድ ነው። በአዘቦት ቀን ጋሪው ይበርራል። በገበያ ቀን ግን ሞክሪው እስቲ። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሲለቀቅ ሁሉም ፌስቡክ ላይ ነው፣ ገበያው ያኔ ይቆማል። ገመዱ ግን ከዚህ እስከ ስልክ ማእከሉ ድረስ የብቻሽ መንገድ ነው።» እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ክፉ ነገር የመጣው ገመዱ ሲዘረጋ ነው። ሠራተኛው በአስፋልቱ በኩል አዙሮ ሊያስገባው ፈልጎ ነበር። ጋሽ ሙራድ በጓሮ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። «አጭር ገመድ ንጹህ ገመድ ነው!» ሠራተኛውም መከራከር ሰልችቶት በጎረቤታችን በእትዬ ትርፊት እንሰት በላይ ዝቅ አድርጎ ዘረጋው። የሞደሙ መብራቶች በሩ፣ እኛም ጋሽ ሙራድን መረቅነው።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። ራሄል ነጠላዋን አስተካክላ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ሰዓቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የሞደሙ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ለጋሽ ሙራድ ደወልኩ። ሱቁ ቅርብ ነው፣ እያለከለከ ደረሰ። የቤቱን ስልክ አንስቶ አዳመጠና «ይንኮሻኮሻል። የሆነ ቦታ ተስቧል» አለ።

ገመዱን ተከትለን ጓሮ ወጣን። እትዬ ትርፊት ያን ቀን የእንሰት ፍቀት ደቦ ጠርታለች። ሴቶቹ የፋቁትን እርጥብ ቃጫ የሚሰቅሉበት ሲፈልጉ፣ እጃቸው በሚደርስበት ከፍታ የተዘረጋ ጥሩ ገመድ አገኙ። ገመዳችን በቃጫው ክብደት ወደ መሬት ጎብጦ፣ ከግድግዳችን ላይ ካለው መጋጠሚያ ሊነቀል ምንም አልቀረውም።

በእኛ አገር እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ ድርሽ አይልም። ጋሽ ሙራድ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ከአጥሩ ወዲህ ቆመ። ከዚያ አንድ የባሕር ዛፍ ዘንግ አንስቶ ገመዱን ከሥሩ ወደ ላይ ደገፈው።

«መጣ!» አለች ራሄል ከውስጥ። ወዲያውም እንግሊዝኛ መናገር ጀመረች።

«ጋሽ ሙራድ፣ ቃጫውን ላውርድልህ?» አለች እትዬ ትርፊት ከወዲያ።

«አሁን እንዳትነኪው! ከተነቃነቀ ይጠፋል።»

«አይ እንግዲህ፣ እዚያው ቁም። ምሰሶ ልናስተክል ነበር፣ ገላገልከን» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ ባለቤቱ ረምላ ምሳ እዚያው ታምጣለት እንደሆነ ጠየቀች። ከተማውን ሁሉ የሚመክረው ሰው ዘንጉን አጥብቆ ያዘ። ካፊያው ጀመረ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ከሀደሮ የሚደውሉ የቆርቆሮ ደንበኞቹ ናቸው መሰለኝ። በሕይወቱ ስልክ ሳያነሳ የቀረ ሰው አይደለም፣ ያኔ ግን ዝም አለው። «ላግዝህ» ብዬ ዘንጉን ልይዝ ስል በዓይኑ መለሰኝ። እጅ ሲቀያየር ይነቃነቃላ።

ወደ ቤት ገባሁ። አንዲት ሴት ከስክሪኑ ላይ ራሄልን ትጠይቃታለች። የምትኖሪው ከዋና ከተማ ራቅ ብለሽ ነው፤ በትምህርቱ መሃል መስመርሽ ቢበላሽ የሚረዳሽ ሰው አለ? ራሄል በመስኮት ወደ ውጭ አየች። የዝናቡ ውሃ በዘንጉ ላይ ወርዶ በእጅጌው ይገባል፣ ዘንጉን ግን አልለቀቀም። «አለ» አለች። በየቤቱ የምቀልድበትን ይህን ሰው ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዩኒቨርሲቲው «ተቀብለንሻል» የሚል መልእክት ሲመጣ ራሄል መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ቆርቆሮ ሱቁ ነው። ጋሽ ሙራድ ከዚያ በፊት ገመዱን በራሱ ወጪ ባስተከለው ምሰሶ በአስፋልቱ በኩል አዙሮት ነበር። ለገበያው ሁሉ የሚያወራውም እንዲህ ብሎ ነው፤ «እኔ መጀመሪያውኑ በአስፋልቱ በኩል ነው ያልኩት። መምህር አሞጽ ነው በጓሮ ካልሆነ ብሎ ድርቅ ያለው።»

እውነት ነው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አዎ፣ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።