ኑዛዜ በቴሌቪዥን

«ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል ያገሬ ሰው። ከምክር ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ይህንኑ ነው፤ የሰው አገርም መጻሕፍትም ጥርጣሬ ሲያስተምሩኝ አርጅቻለሁ። ብዙ ያነበበ ሰው ሁልጊዜ የሚጠረጥረውን ያውቃል ብላችሁ ግን እንዳትሞኙ።

ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ቢቸና ስገባ፣ ስሄድ «አንቺ» ትለኝ የነበረችው ታናሽ እህቴ ይታይሽ «አንቱ» ብላ ተቀበለችኝ። ጠረጠርኩ። እግሬን አጠበችኝ፤ ባሰብኝ። የእናታችን ቤት በእጇ ነውና ድርሻዬን እንዳልጠይቅ ይሆናል አልኩ። ነገር ግን እናታችን ከሞተች ወዲህ ይታይሽ እንቅልፍ አጥታለች። ከመክሳቷ የተነሳ ቀሚሷ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ምን ሆነሽ ስላት «ደኅና ነኝ» ብቻ ነው።

ሞጣ የጭንቀት ሕክምና የተማረ ሐኪም አለ ተባለ። ለሐኪም መናገርን እንድትለምደው ብዬ ከሻንጣዬ አንድ የድሮ የውጭ ድራማ አውጥቼ በጎረቤት ቪዲዮ ዴክ አሳየኋት። ጥቁርና ነጭ ነው። ከረባት ያሰረ የአእምሮ ሐኪም ያዳምጣል፤ በሽተኛዋ ሶፋ ላይ ተጋድማ የሆዷን ታወራለች፣ ታለቅሳለች፣ ይቀላታል። እኔ እተረጉማለሁ።

«እታለም፣ ይህች ሴት እውነቷን ነው?» አለች ይታይሽ።

ስለ ትወና ማስረዳቱ ረዘመብኝና «አዎ፤ ለሐኪሙ ብቻ ነው የነገረችው» አልኳት።

«ለሱ ብቻ? ታዲያ እኛ ቢቸና ተቀምጠን እንዴት ሰማነው? የነፍስ አባት ቢሆን ስግደት አዝዞ ዝም ይል ነበር። ይኸ ቀኖና እንኳ ሳይሰጣት ላገር ዘራው!»

ከዚያ በኋላ ተዋንያን ናቸው ብል ማን ይመነኝ?

እንደምንም ሞጣ ወሰድኳት። ወጣቱ ሐኪም በትሕትና «እማማ፣ ምን ያስጨንቅዎታል?» አላት። ይታይሽ ጣሪያውን አየች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ «ደኅና ነኝ ልጄ፤ አንተስ ደኅና ነህ?» አለችው። ሕክምናው አለቀ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር እኔ ከፊት፣ እሷ ከሁለት ወንበር ኋላ ተቀመጥን። ግንደወይን ላይ ዶሮ የታቀፈች ሴት ገብታ አጠገቧ ተሰየመች።

«ምነው እቴ፣ እንዲህ መክሳት? ምን አገኘሽ?»

የሞተሩ ጩኸት ይሸፍነኛል ብላ ይሆናል፣ ይታይሽ ድምጿን ከፍ አድርጋ ዘረገፈችው።

«እናቴ ስታጣጥር ታላቅ እህቴን አምጡልኝ አለች። መንገድ ላይ ናት፣ ደርሳለች አልኳት። በር በሩን እያየች ሞተች። የሞት አፋፍ ላይ ያለች እናቴን ዋሸሁ!»

«እህትሽስ ምን ይዟት ቀረች?»

«ደብዳቤዬ ሳይደርሳት ነው እንጂ፣ ቢደርሳትማ በክንፍ ትመጣ ነበር።»

አርባ ሰው ሰማ። ደግነቱ ቴሌቪዥን አልነበረም።

ደብዳቤው ደርሶኝ ነበር። «እናታችን ታማለች» የሚለውን እንዳነበብኩ፣ ሊያመጡኝ የፈጠሩት ሰበብ ነው ብዬ ጠርጥሬ መጽሐፍ ውስጥ አጣጥፌ ከተትኩት።

ደብረ ወርቅን ስናልፍ ልነግራት ተነሥቼ ዞርኩ። ይታይሽ በሴትየዋ ትከሻ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች። «ይታይሽ…» ስል ሴትየዋ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

«ተዉአት፣ ትተኛበት! አንቱ ደግሞ ምኗ ነዎት?»

ምኗ እንደሆንኩ ሳልነግራት ተቀመጥኩ።