የማኅበራችን ኮርማ እንዴት እንደተወደደ

የኮርማ ዋጋ በጨረታ ላይ ከምን እንደሚመጣ ሲጠየቅ፣ ተራ ሰው ዕድሜው፣ ክብደቱ፣ የዘር ሐረጉ፣ የሐኪም ማስረጃው ይላል። በካምፓላ የምንገኝ የአገር ልጆች የከብት እርባታ ማኅበር ግን ለሳይንስ አዲስ ግኝት አበርክተናል። ዋጋውን የሚወስነው ሊቀመንበሩ ነው።

ዘጠኝ ላሞች ነበሩን፤ ሦስት ዓመት ከየሱቃችን ቆጥበን የገዛናቸው። ለኮርማ ደግሞ ስምንት ሚሊዮን ሽልንግ ይዘናል። ከብቶቹን የሚጠብቅልን ሮባ፣ «ዘንድሮ በኮርማ ካላስጠቃናቸው ጥጃም ወተትም የለም። ከስምንት ካለፈ ግን ተዉት፣ ሌላ እንፈልጋለን» ብሎ ነበር። ምን ያውቃል? ከብት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው የኮሮና እገዳ ስለነበር ጨረታው በስልክ ሆነ። ሊቀመንበራችን አቶ ወንድይፍራው፣ አገር ቤት የግዥ ኃላፊ የነበሩ ታላቅ ሰው፣ መመሪያ አወጡ።

«ራሂማ ትጫረት። ተፎካካሪዎቻችን፣ የካባላጋላ ሰፈር ማኅበር ሰዎች፣ እንዳይሰሙ የተጫራች ቁጥሯን ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን አትንገር!»

አጨበጨብን። ግድግዳም ጆሮ አለው።

የጨረታው ቀን ቡጎሎቢ ሰፈር፣ ራሂማ ሱቅ ተሰበሰብን። ስምንት ሚሊዮን ወዲያው ታለፈ። ሌላው ተጫራች ሁሉ ሲወጣ አንድ ችኮ ሰው ብቻ ቀረ። «ኧረ ተይው ራሂማ፣ ኮርማ ከአገር አልጠፋም!» አለ ሮባ። ራሂማ በሌላው ስልኳ ናጉሩ ቤታቸው ላሉት ሊቀመንበር ደወለች።

«ጋሼ፣ አንዱ ሰውዬ አልለቅ አለኝ። ልተወው?»

«በፍጹም! ካባላጋላዎቹ ናቸው! ቀጥይ... ቆይ፣ ቆይ፣ እኔም ሥራ ላይ ነኝ!»

ሃያ ሚሊዮን ላይ ችኮው ሰው ጸጥ አለ። እልል አልን።

በማግስቱ አቶ ወንድይፍራው አንገታቸውን ደፍተው መጡ። «ተሸነፍን» አሉ። «የራሂማ ኔትወርክ ቢቋረጥ ብዬ እኔም ለማኅበሩ ተመዝግቤ ነበር። እስከ አሥራ ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ታገልኩ፤ ካርዴ አልቆ እንጂ ለነዚያ አልለቅም ነበር።»

ራሂማ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። ሮባ ወጥቶ ደጅ ቆመ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሊቀመንበሩ ነገሩ ሲገባቸው ግን ወዲያው ቀና አሉ። «ምስጢር አጠባበቃችን እንከን የለሽ መሆኑ ተረጋግጧል!»

የጎደለውን አሥራ ሁለት ሚሊዮን ለመሙላት ዘጠኙንም ላሞች ሸጥን። የገዙት የካባላጋላ ሰዎች ናቸው፤ ለካ በኮርማው ጨረታ አልነበሩበትም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሽማግሌ ልከው፣ ላሞቻቸውን በኮርማችን እንድናስጠቃላቸው፣ በአገር ልጅነት በነጻ፣ ጠየቁን።

አቶ ወንድይፍራው ይሉኝታ ይዟቸው ፈቀዱ።