የመምህር ህሩይ ብሎግና አሥሩ ብሎኬት

በየትምህርት ቤቱ ሥልጠና ሄዶ እስከ ዛሬ ያልዳነ አንድ መምህር አለ። እኛ ሌሎቻችን አበላችንን ተቀብለን፣ የተሰጠንን ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን እንመለሳለን፤ እሱ ግን ሥልጠናውን ራሱን ይዞት ይመጣል። ጭሮ ውስጥ እኔ ሒሳብ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ይህ ሰው የአማርኛ መምህሩ፣ ክቡር መምህር ህሩይ ናቸው። አንቱ ያልኳቸው ለማዕረጉ ያህል ነው፤ ከመሰላ ተዛውሮ ከመጣ ጀምሮ ስድስት ዓመት ምሳ አብረን ስለበላን ከዚህ በኋላ አንተ እለዋለሁ።

ህሩይ ይዞት የመጣው ነገር ብሎግ ይባላል። ተማሪው የጻፈውን ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል፣ አገር ያነብለታል፣ ከሥሩ አስተያየት ይሰጥበታል። «ደብተር ውስጥ የቀረ ጽሑፍ የታሰረ ሰው ነው፤ ፍቱት!» ይላል ጣቱን ቀስሮ። በሰልፍ ላይ ይለዋል፣ በሻይ ሰዓት ይለዋል፣ የፈተና ወረቀት እየሰበሰበም ይለዋል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ልንደርስ ወደ በደሳ ከተማ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ለረዳቱ ሲያስረዳው፣ ረዳቱ ግራ ገብቶት የኋላ ወንበሩን ሒሳብ ሳይሰበስብ ቀረ።

ኔትወርክ የለም ብትለው «ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አለ» ይልሃል። መብራት ጠፍቷል ብትለው «በወረቀት ጽፈው ይጠብቃሉ» ይልሃል። ተማሪው ሃምሳ ስምንት፣ ስልኩ ግን አሥራ ሁለት ነው ብትለው «ታዲያ አንድ ለአምስት አደራጃቸዋለሁ! አንተ የሒሳብ መምህር አይደለህም እንዴ?» ብሎ አንተኑ ያፋጥጥሃል።

እውነቱን ልናገርና ብዙ ቀልጄበታለሁ። በተለይ በብሎኬቱ ጊዜ።

ሙስሊማ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አለችን። ቤቷ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። አማርኛ ስትናገር «እሱ»ና «እሷ» ይምታታባታል፤ ክፍሉ ስለሚስቅባትም ሁለት ዓመት ሙሉ አፏን ዘግታ ተቀምጣለች። ታዲያ አንድ ቀን ለአባቷ ለጫት ነጋዴው ለአቶ ጅብሪል «ነገ ለአማርኛ ብሎግ እንሠራለን» ትለዋለች። የእኛ አገር ወላጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲላክበት የኖረው ቆርቆሮ አዋጣ፣ ሲሚንቶ አዋጣ፣ ብሎኬት አዋጣ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጋሪ በሩ ላይ ቆሞ አሥር ብሎኬት ሲያራግፍ ደረስን። «የሙስሊማ ድርሻ ነው» አለ ባለጋሪው።

እኔ እስካነባ ሳቅሁ። ህሩይ ግን ብሎኬቶቹን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ደርድሮ ተማሪዎቹን አስቀመጠባቸው። ሙስሊማም እዚያው ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። አፏ እንደተዘጋ ነው፤ እጇ ግን አላርፍ አለ።

ወሬው አቶ ጅብሪል ጆሮ ሲደርስ ሌሎች ወላጆችን አስከትሎ መጣ። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሣህሊቱ መምህሩንም ወላጁንም ተማሪውንም ስብሰባ ጠሩ። ድሮም ስልክ በግቢው ክልክል ስለሆነ ብሎጉን ለመዝጋት የቀረው አንድ ቃል ነበር።

«ብሎኬቴን ወስዳችሁ ለልጄ ስልክ ሰጣችኋት?» አለ አቶ ጅብሪል። «ወላሂ እኔ ክፍል የሚሠራ መስሎኝ ነው! ይዘጋ!»

የህሩይ ፊት አመድ መሰለ፤ ግን አልተቀመጠም። «ጋሽ ጅብሪል፣ ከመዘጋቱ በፊት አንዷን ላንብብልዎት» ብሎ የሙስሊማን ጽሑፍ ከስልኩ ማንበብ ጀመረ። «አባቴ ጫት ነጋዴ ነው። በጠዋት ተነስቶ ጫቱን በማዳበሪያ ይጠቀልላል...»

«ሶባ!» ብሎ ዘለለ አባት። «ውሸት ነው! በማዳበሪያ? እኔ? የእኔ ጫት በኮባ ቅጠል ነው የሚጠቀለለው! ይሄን ሰው አንብቦታል?»

«መቶ አርባ ሰው» አለ ህሩይ በትሕትና። «ድሬዳዋ ድረስ።»

«ድሬዳዋ! ደንበኞቼ?»

ይኼኔ ከኋላ ወንበር ሙስሊማ ተነሳች። «አባ፣ ቅዳሜ በማዳበሪያ ስትጠቀልል እማዬ አይቷል። እኔም አይቻለሁ።»

«እማዬ አይቷል» ስትል አንድም ሰው አልሳቀም። ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጠርቼያት አንዲት ቃል ያልተነፈሰችልኝ ልጅ፣ ለአባቷ በሰው ሁሉ ፊት መለሰችለት።

አቶ ጅብሪል ጢሙን አሻሸ። «ቅዳሜ ኮባ ጠፍቶ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወዲያው ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ታዲያ እሱንም ጻፊዋ! ኮባ ጠፍቶ ነው ብለሽ ጨምሪበት! መምህር፣ ይሄ ሳይስተካከል አይዘጋም! እኔም አስተያየት አለኝ!»

ወይዘሮ ሣህሊቱ ሳቃቸውን እንደምንም ዋጡት። «ይቀጥል ካላችሁ ይቀጥል። ግን ስልኮቹን ከህሩይ ጋር ተረክቦ የሚፈርም ሁለተኛ መምህር እፈልጋለሁ። ከሌለ ዛሬውኑ ይዘጋል።»

መምህራን በሙሉ ጣሪያ ማየት ጀመርን። ህሩይ ማንንም አልለመነም፤ አንድ በአንድ ብቻ አየን። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ቶሎ አሳለፈ፤ እንደማልፈርም ያውቃላ። ያቺ ነገር አንጀቴን በላችው። ወዲያው አንድ እጅ ወጥቶ አየሁ። የማነው ብዬ ስከተለው መጨረሻው የራሴ ትከሻ ላይ ነው።

ይኸው አሁን ሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ስልኮቹን በዘንቢል ይዤ ግቢውን የማቋርጠው እኔ ነኝ። ህሩይ ምስጋና የሚባል ነገር አያውቅም። ባለፈው ሐሙስ ሦስት ደቂቃ ባረፍድ «ልጆቹ እኮ እየጠበቁህ ነው!» ብሎ በተማሪ ፊት ተቆጣኝ። ወደዚህ ከተማ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። ዘንቢሉን አስቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ደስ እያለኝ።