አረንጓዴው ውሃ

ክፉ ሰው ያን ያህል አያደክምም። ክፉ ሰው ይታወቃል፤ ሲመጣ በር ትዘጋላችሁ፣ ሲሄድ ትከፍታላችሁ፣ አለቀ። የሚያደክመው ደግ አሳቢው ነው። ሳትጠሩት ይመጣል፣ ሳትነግሩት ያስተካክላል፣ እሱ አስተካክሎ የሄደውን መልሳችሁ ለማስተካከል ደግሞ ዓመት ይፈጅባችኋል። አበው «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ያሉት እንዲያው ለጨዋታ አይመስለኝም፤ አንድ ቀን ፊታቸውን ሲጠርጉ የመጣላቸው ነገር ይሆናል። ይህን የምላችሁ ሰው ለማማት እንዳይመስላችሁ። ደክሞኛል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ሐሜት እንኳ ይከብደዋል። የማወራችሁ ስለ ራሴ ነው።

ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ሁሉ ጠመኔ ውስጥ ተማሪዎቼ የሚያስታውሱልኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ «ንጹሕ ውሃ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም።» አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ሳልፍ ጢማቸው የሸበተ ሰዎች «መምህር! ንጹሕ ውሃ!» ብለው ይጠሩኛል። ለአርባ ምንጭ ሰው ደግሞ ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከፍ ብላችሁ ብትቆሙ ሁለት ሐይቅ ታያላችሁ፤ ጫሞ ሰማያዊ፣ አባያ ወተት የበዛበት ሻይ። ስለዚህ ውሃን የምንመዝነው በዓይን ነው። ቡናማ ከሆነ ከአባያ የተቀዳ ነው፣ ይጠለላል። አረንጓዴ ከሆነ ግን የቆመ ውሃ ነው፤ ተደፍቶ ይቀየራል። ይቺን አረንጓዴዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጡረታ ስወጣ አባያ ዳር ባለችኝ ቁራሽ ማሳ የሙዝ አምራቾች ማኅበር ገባሁ፤ እነሱም «መምህር ስለሆነ ይጻፍ» ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። ማኅበሩ አንዲት ትንሽ ትራክተር አለችው። ቁመቷ ከበሬ ብዙም አይበልጥም፣ በሙዝ ረድፍ መካከል እንደ ልቧ ትገባለች። በጋራ ገዝተናት በጋራ ነው የምንሳሳላት። ሾፌሯ ዘለቀ ይባላል፤ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ፣ የእኔም ተማሪ የነበረ። ሽመናው እምቢ ቢለው ቆላ ወርዶ መሪ ጨበጠ። የትራክተሯን ቁልፍ አባቱ በሸመነለት ቀይና ቢጫ ጥለት ቁራጭ አስሮ ነው የሚይዘው። ሁለት ሴት ልጆቹ ከተማ የሚማሩት በዚያች ትራክተር ነው። ከእሷ ቢወርድ የሚመለሰው ጨንቻ፣ እጁ ያልለመደው የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ የበልግ ዝናብ ደጃፍ ላይ ደርሶ ሰው ሁሉ ለእርሻ ሲሯሯጥ፣ ትራክተራችን ማሳ መሃል እንፋሎቷን ለቃ ቀጥ አለች። ከሲቀላ መካኒኩን ታምራትን አስመጣን። ታምራት አፉ ስለታም፣ ልቡ ለስላሳ፣ በየሦስት ቃሉ «ጌታ ይመስገን» የሚል ሰው ነው። መጀመሪያ ሞተሩ እስኪበርድ አስጠበቀን፤ ትኩስ ራዲያተር የሚከፍት ሰው ፊቱን የጠላ ሰው ነው አለ። ሲበርድ የላዩን ክዳን ፈታ፣ ከሥር ሳፋ ደቀነ፣ የታችኛውን የማፍሰሻ ቡሎን በመፍቻው በኪያቤ ላላ አደረገ።

አባያ ወረደ።

ቡናማ፣ ወፍራም፣ የዝገት ቅርፊት የሚያንሳፍፍ ነገር ሳፋውን ሞላው። ታምራት ጣቱን ነክሮ አየውና ዙሪያችንን ተመለከተ። «ይቺ ስትገዛ እኮ ኩላንት ነበራት፤ አረንጓዴው ፈሳሽ። እሱ ውሃ አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ብረቱ እንዳይዝግ፣ ቶሎም እንዳትፈላ የሚያደርግ። ማነው የደፋው?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ መሬት ላይ የሚደፋ ነገር እንዳልሆነ፣ ስለሚጣፍጥ ውሻና ዶሮ ጠጥተውት እንደሚሞቱ ነገረን። ያን ጊዜ ዓይን ሁሉ ወደ ዘለቀ ዞረ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንዱ «ድሮም ይጋልባታል» አለ፣ ሌላው «ባለፈውም ስትጮህ ሰምቻታለሁ» አለ። ዘለቀ መሬት መሬቱን አየ።

እናንተ ግን እንደ እነሱ አትሳሳቱ። የደፋሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ከዓመት በፊት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሥራ የፈታ ጡረተኛ፣ የተከፈተ የራዲያተር ክዳን። ጎንበስ ብዬ ባይ ውሃው አረንጓዴ! ሠላሳ ምናምን ዓመት «ቀለም የለውም» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ይህን አይቼ እንዴት ልለፍ? በጣቴ ብነካው ያንሸራትታል። በቃ፣ አልጌ ነው፣ አልኩ በልቤ፤ እነዚህ ሰዎች እንስሳዋን የቆመ ውሃ ያጠጧታል! ቡሎኑን ፈትቼ ሁሉንም ወደ ቦዩ ለቀቅሁት። የማንም ዶሮ ያልጠጣው በእኔ ብልህነት ሳይሆን በፈጣሪ ቸርነት ነው። ከዚያ ከምንጩ በጀሪካን የተቀዳ፣ ብርጭቆ የመሰለ ውሃ ሞላሁባት። ዘለቀ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር...» ሲል ጀመረ። «ዝም ብለህ ጀሪካኑን ያዝ» አልኩት። ያዘ።

አሁን ታምራት ሳፋው ላይ ጎንበስ ብሎ «ማነው የደፋው?» ሲል ለምን ዝም አልክ ትሉኛላችሁ። ማፈር ነዋ! በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ስም። «ዝም አይነቅዝም» የሚባለውን አስቤ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝ ይሆናል፣ ብረት ግን ዝም ሲሉት ይዝጋል። ያን ሌሊት የዘለቀ ልጆች ደብተር ይዘው ዓይኔ ላይ ሲመላለሱ አደሩ።

በማግስቱ ማኅበሩ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። እኛ አገር «ጎሜ» የሚባል ነገር አለ፤ የተደበቀ ጥፋት ማለት ነው። ከብት ሲታመም፣ ዝናብ ሲዘገይ የጋሞ ሽማግሌ መድኃኒት ከመፈለጉ በፊት «ማን ምን ደብቋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የደበቀው ሲናገር ነገሩ ይቃናል ይባላል። ሊቀ መንበራችን አቶ ዳና የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ተነሡና፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ ከልብ፣ «በዚህች ትራክተር ላይ ጎሜ ያለበት ይናገር» አሉ። ለጥገናው እዚያው የነበረው ታምራት «እኛ በጎሜ አናምንም፣ በንስሐ ግን እናምናለን» ሲል ከአባላቱ አንዷ፣ ካህን አጎት ያላቸው ወይዘሮ ብዙነሽ «ኧረ ያው ነው፣ ተናገሩ ዝም ብላችሁ» አሉት።

መናገር ተጀመረ። ወይዘሮ ብዙነሽ ራሳቸው፣ አንድ ቀን ማሳቸው ላይ ስትተነፍስ አንጀታቸውን በልታው ከአባያ በባልዲ ቀድተው አጠጥተዋታል። ዓሣ አስጋሪ ወንድም ያለው አንዱ፣ የጫሞ ውሃ ይሻላታል ብሎ ከዚያ ድረስ በጀሪካን አምጥቶላታል። አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ እንኳ ጠበል ነው፣ ለበረከት ያህል፣ አንዲት ኩባያ» አሉ። ታምራት ራሱን ያዘ። «ይሄ ራዲያተር ነው ወይስ አርባ አንደኛው ምንጭ?» አለ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን የመጀመሪያውን አረንጓዴ የደፋ አልተገኘም፤ አቶ ዳናም ወደ ዘለቀ ዞረው «እንግዲህ ልጄ፣ በአንተ እጅ ነበረች። ቁልፉን ለመምህር አስረክብ» አሉ።

ዘለቀ አልተከራከረም። ተነሥቶ ወደ እኔ መጣና ቁልፉን ከነጥለቱ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ልክ ድሮ የቤት ሥራ ደብተሩን እንደሚያቀርብልኝ አድርጎ። ጥለቱ ከእጁ ላብ ረጥቦ ነበር። አቃጠለኝ። ስሜ ድብን ይበል አልኩ በልቤ።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ተነሣሁ። «የደፋሁት እኔ ነኝ። አልጌ መስሎኝ ነው። ዘለቀ ሊከለክለኝ ሲል አፉን ያዘጋሁትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ወይዘሮ ብዙነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አቶ ዳና መጥተው ትከሻዬን ሳሙና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «አያችሁ? ለተማሪው ሲል ስሙን ጣለ! መምህር ማለት ይህ ነው!» አሉ። «ኧረ እውነቴን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እናውቃለን፣ እናውቃለን» አሉኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «አዎ፣ ሳይንስ አስተማሪ ውሃና ኩላንት አይለይም!» ብሎ አንዱ ሳቀ። በማርያም ብዬ ማልኩ፤ ይባስ አለቀሱ። ታምራት «ጌታ ይመስገን፣ ወንጌል በተግባር» እያለ አፍንጫውን ጠረገ። እንግዲህ ማኅበሩ በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ ዘለቀ ላልሠራው ጥፋት «ለመምህር ሲባል» ይቅር ተባለ፣ እኔ ለሠራሁት ጥፋት ተመረቅሁ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ስብሰባው ሲበተን ከዘለቀ ጋር በሙዙ መሃል ወደ መንገድ ወጣን። እውነት መናገር እንዲህ እንደሚያደክም ማንም አልነገረኝም። ቁልፉን መለስኩለትና «ይቅር በለኝ ልጄ። ግን ዓመት ሙሉ፣ ትናንትም፣ ዛሬም፣ እሳቸው ናቸው ብለህ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። ሲጠይቁት እንደ ልማዱ መሬት አየ።

«ጋሼ፣ እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?» አለኝ። «እርስዎ ሲናገሩስ ማን አመነዎት?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፣ ይጠራ ይሆናል፤ የራዲያተር ውሃ ግን እያደር ይደፈርሳል። ሰው ጥፋት የሚቆጥረው በአጥፊው ሳይሆን ቀድሞ በልቡ በፈረደበት ሰው ላይ ከሆነ፣ መናዘዝም ለታመነ ሰው ብቻ የተፈቀደ ጌጥ ነው ማለት ነው። ወይኔ ደክሞኛል፣ ይህን ለወጣቶች ተውኩት።

የዚያን በልግ ማሳችን በበሬ ዘግይቶ ታረሰ። ታምራት ሞተሩን ፈትቶ ገጠመ፣ ዝገቱን ደጋግሞ አጠበ፣ በመጨረሻም አዲስ ኩላንት ሞላ፤ አረንጓዴ፣ ልክ እንደ ያኔው። ትራክተራችን ዛሬ ደህና ናት። ባለፈው ሳምንት በአጠገቧ ሳልፍ ራዲያተሯ ላይ አንድ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፎ አየሁ። መነጽሬን አወጣሁ። «ንጹሕ ውሃ ቀለም የለውም። ይህ ግን ውሃ አይደለም፤ አረንጓዴ ነው፣ ጤነኛ ነው» ይላል። የእጅ ጽሑፉን ከስንት ደብተር ላይ አርሜዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ለማን እንደ ተጻፈ ወረቀቱ ላይ የለም። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኙን ተመለከትኩና፣ ጥግ ላይ የተላጠውን ፕላስተር በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አለፍኩ።