ኦርጋኑ ስድስት አለ

ድሮ ዕቃ ሲበላሽ ዝም ይል ነበር። ሬዲዮው ዝም፣ ቴፑ ዝም። ሠሪው ጎኑን በጥፊ መታ መታ ያደርገዋል፤ ከተናገረ ተናገረ፣ ካልተናገረ "ዕድሜው ነው" ተብሎ ባለቤቱ ይጽናናል። የዛሬ ዕቃ ግን ሕመሙን ራሱ ይናገራል። የሚናገረው ደግሞ ማንም በማይገባው ቋንቋ ነው፤ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ጣል አድርጎ ያፈጥብሃል። እስቲ ሐኪም ቤት ሄዶ "የት ላይ ነው የሚያምህ?" ሲሉት "ሰባት" ብሎ የሚመልስ ሰው ቢገጥማችሁ ምን ታደርጉታላችሁ? ጠበል ነው የምትወስዱት።

እኔ ግን እንዲህ ያለውን በሽተኛ አልፈራም። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁት ስላልገባኝ አይደለም፣ ቶሎ ስለገባኝ ነው። ጎንደር ማራኪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል ከሚከራዩበት ሰፈር፣ የአንድ በር ስፋት ያላት የጥገና ሱቅ አለችኝ። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ላፕቶፓቸው ሲሞት ወደ እኔ ነው ይዘውት የሚሮጡት። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ዲግሪ አለ?

ባለፈው ጥር ጋሼ ይትባረክ ኦርጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በባጃጅ ይዞት መጣ። ጋሼ ይትባረክ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ሠርግ ቤት የገባ የቄስ ልጅ ነው፤ ዜማውን ከቤተ ክህነት፣ ጣቱን ከራሱ አግኝቶ ኖሯል። ኦርጋኑ የጃፓን ሥሪት ነው፣ በዕድሜ እኔን ይበልጣል፤ ከጎንደር እስከ አርማጭሆ ስንቱን እንደዳረ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ለዚህ ሽማግሌ ኦርጋን ነው እንግዲህ አራዳ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ጀማል፣ ካርቱም ካለ አጎቱ በመተማ በኩል አዲስ ቦርድ ከነስክሪኑ ያስመጣለት። የገጠምሁት እኔ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ሸጋ አድርጎ ሠራ። ጋሼ ይትባረክ ሰኞ ቤቱ ወስዶ ሲያበራው ግን ስክሪኑ ላይ የፈረንጁን ኢ ፊደልና አራት ቁጥርን ጽፎ ቀጥ አለ።

በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የመለሰልኝ በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ነው። እሑድ ደግሞ ትክል ድንጋይ ከተማ ሠርግ አለበት። የሙሽራይቱ አባት አያ ደረሰ "እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገረኝ፤ ካልሆነ ያንን ኦርጋን መቺ፣ የአይከሉን ልጅ እጠራለሁ" ብለውታል። የአይከሉ ልጅ ዕቃው አዲስ ነው፣ ፀጉሩም አዲስ ነው፤ አንድ ጊዜ ትክል ድንጋይ ከገባ በሚቀጥለው ጥር ጋሼ ይትባረክን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ሰውየው አልሳቀም። "ምነው አንተ፣ አሻሽልልሃለሁ ብለህ ደህናውን ዕቃዬን ኩርፊያ አስተማርኸው?" አለኝ። እኔም "እሑድ ካላዘፈንሁት ታፔላዬን አወርዳለሁ" አልሁት። አፌ እንዲህ ነው፤ ከእጄ ቀድሞ ነው ሥራ የሚገባ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። እሱ እንደ ልማዱ በስመ አብ ሲል እኔ ማብሪያውን ተጫንሁ። ኢ፣ ስድስት። አራት የነበረው ስድስት ገባ።

ጎንደር የትርጓሜ አገር ናት። እዚህ አንድ ቃል በአንድ ፍቺ ብቻ ተፈትቶ አይለቀቅም፤ "አንድም" እየተባለ ይመነዘራል። ቅድሚያውን እኔ ወሰድሁና "ኢ ኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ስድስት ጊዜ ሄዶ እንደመጣበት እየከሰሰ ነው" አልሁ። ጋሼ ይትባረክ ተቀበለኝ፦ "አንድም፣ በሽታው ትናንት አራት ነበር፣ ዛሬ ቤተሰብ አፈራ።" ጀማል በር ላይ ቆሞ "አንድም፣ ቦርዱ የካርቱም ሙቀት የለመደ ነው፤ በረደው" አለ። ሦስታችንም ትርጓሜያችን ጣፍጦን ስለነበር መመሪያውን የጠየቀ ሰው የለም። ቢጠየቅስ? በጃፓንኛ ነው።

ረቡዕን ስፈታው፣ ስወለውለው ዋልሁ። ብርዱንም አልናቅሁት፣ ጋቢ አለበስሁት። ሐሙስ ጠዋት ብቻዬን ሳበራው እንደ ጠዋት ወፍ ተነሣ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ዐሥር ጊዜ፣ ዐሥሩንም ጊዜ ደህና። ደውዬ "ና ውሰድ" አልሁት። መጣ፤ በስመ አብ አለ፤ አበራሁት። ኢ፣ አምስት። ተናዶ ሄደ። አበራሁት፣ ደህና ነው። ጀማል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ወንድሜ፣ ይህ ዕቃ የጠላው ባለቤቱን ነው" አለኝ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ግማሹን አምኜው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ጋሼ ይትባረክ ተመልሶ መጣ። ገና ጠረጴዛው አጠገብ እንደደረሰ አያ ደረሰ ደወሉ። "እሺ፣ እሺ" እያለ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ በመዳፉ እንደያዘ፣ የዚያኑ እጅ ሁለት ጣት ቁልፎቹ ላይ አሳርፎ በስመ አብ አለ። አበራሁት። ኢ፣ ሁለት።

ስክሪኑን አየሁ። ጣቶቹን አየሁ። ሁለት።

ለካስ አዲሱ ቦርድ ሲነሣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ተጭኖ የተገኘ ካለ ስንት እንደሆነ ተናግሮ አልሄድም ይላል። ጋሼ ይትባረክ ደግሞ መዳፉን ቁልፉ ላይ ሳይጭን፣ ሳይባርክ፣ ዕቃ አስነሥቶ አያውቅም። አሮጌው ቦርድ ቡራኬውን ዝም ብሎ ሲቀበል ኖሯል። አዲሱ ግን ቆጣሪ ሆነ። አራትም፣ ስድስትም፣ አምስትም የሰውየው እጅ ነበር።

አሁን በአርባ አራቱ ታቦት አገር፣ ለቄስ ልጅ፣ "ዕቃህን ያሳመመው በስመ አብህ ነው" ብላችሁ እስቲ ንገሩ። እኔስ ትንሽ አሰብሁና "ጋሼ፣ ይህ ቦርድ ሲነሣ መጀመሪያ የራሱን ጸሎት ያደርሳል። እስኪጨርስ እጅ አይጫንበትም፤ ሲጨርስ አንተ ትባርከዋለህ" አልሁት። ኦርጋኑን በአዲስ ዓይን አየው። "እንዲህ ከሆነማ ሥርዓት ያውቃል" አለ። እጁን ሰብስቦ ቆመ፤ አበራሁት፤ ኦርጋኑ ያለ አንዳች ክስ ተነሣ። ያኔውኑ ትክል ድንጋይ ደውሎ "እመጣለሁ" አለ።

እሑድ እኔም አብሬ ሄድሁ፤ ባለሙያ ከዕቃው አይለይም። ዳሱ ጢም ብሏል፣ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ጋሼ ይትባረክ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ "አንድ ጊዜ ዝም በሉልኝ፣ ዕቃው ጸሎት ላይ ነው" አለ። ሕዝቡ ብድግ አለ። ወንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሴቱ ነጠላውን አስተካከለ። ስክሪኑ ፈትሾ ጨረሰና በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈ። ጋሼ ይትባረክ ባረከ፤ ዳሱም በእስክስታ ተናወጠ። የአይከሉን ልጅ ያነሣው አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ አያ ደረሰ ወደኔ መጡና "ለመሆኑ ምን እያለ ነው የሚጸልየው?" አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስተረጉም የከረምሁ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈውን እንደተጻፈ ተረጎምሁት፦ "'ራሴን ፈተንሁ፣ እንከን የለብኝም' ነው የሚል" አልኋቸው።

"ሌላ ፈታኝ ሳይኖር?"

"ሳይኖር።"

"ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ አለፈ?"

"አዎ።"

አሰብ አደረጉና "ይህማ ጸሎት አይደለም፣ ጉራ ነው" አሉ። ደግሞም ከላይ እስከታች አዩኝና "የሠራኸው አንተ ነህ?" አሉኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልሁ።

"ያስታውቃል" ብለውኝ ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ።