አንጀታቸው የተበላ ጎረቤት

ከክፉ ጎረቤት ሰውረን ብሎ የሚጸልይ ሞልቷል። ከአዛኝ ጎረቤት ሰውረን የሚል ግን አልሰማሁም፤ ስላልደረሰበት ነው። አዛኝ ቅቤ አንጓች የሚባለውን ማለቴ አይደለም። እሱ የውሸቱን ስለሆነ ሲነቃበት ይሄዳል። እኔ የምለው ከልባቸው የሚያዝኑትን ነው። እነሱ አይሄዱም።

የእኛ ግቢ አዛኝ ክብርት እትዬ አንጀቴ ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ዓይነ ስውሯ ልጄ ናት፤ ባዩዋት ቁጥር "አንጀቴን በላችው" ስለሚሉ። አንድ ቀን "እማዬ፣ ይሄኔ ስንት ክንድ አንጀት በልቼባቸዋለሁ?" ብላኛለች።

ዘንድሮ ልጄ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ከሌሎቹ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ገባች፤ ግን ለሙከራ ነው። ርእሰ መምህሩ እንደነገሩኝ፣ እስከ መንፈቁ መጨረሻ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ክፍሏ ብቻዋን መሄድ ካልቻለች ሩቅ ከተማ ወዳለው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። እዚያ ከርማለች። ለእረፍት ስትመጣ፣ ድምፄን እስክትለምደው ድረስ ዝም ብላ ታዳምጠኝ ነበር። ትግሉ ያ እንዳይደገም ነው።

ትግል ስል ከእትዬ አንጀቴ ጋር ማለቴ ነው። ጫማ ማሰር አስተምሬያት ዞር ስል እሳቸው ጎንበስ ብለው ያስሩላታል። ነጩን በትሯን "ሰው ያይባታል" ብለው ደብቀውት ከቁም ሳጥናቸው ጀርባ አገኘሁት። ልጆች ገመድ ሲዘሉ ተራዋ ደርሶ ገና አንድ እግሯን ስታነሳ፣ እንዳትወድቅ ብለው ሮጠው አቅፈው አወጧት። ልጄ ተናዳ፣ እንግዲያው ተራዬን እርስዎ ይዝለሉልኝ ብትላቸው፣ ጫማቸውን አወለቁ።

ማን ይቆጣቸው? እኔ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ መርፌ የያዝኩ ሰው ነኝ። የምሰፋው ሲበዛብኝ ልጄን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው። ዝም አልኩ። ዝም ማለትም ያደክማል።

እስከ ካውያው ድረስ። ልጄ በብሬል ድርሰት ጻፈች። ብሬል በጣት ነው የሚነበበው፤ ወፍራም ወረቀት እየተወጋ ነጠብጣቡ ያብጣል፣ ያበጠው ፊደል ይሆናል። እትዬ አንጀቴ ወረቀቱን አዩት፣ አዘኑለት። ካውያዬን አግለው፣ ውሃ ረጭተው፣ እንደ አንሶላ ለጥ አድርገው ተኮሱት። በማግስቱ ልጄ ክፍሉ ፊት ቆማ ጣቷን ብታንሸራትት ምንም የለም። መምህሯም ባዶ ወረቀት ይዛ የመጣች መሰላት።

ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"ሽፍ ብሎበት እኮ ነበር" አሉኝ።

ያን ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ልጄ ተመልሳ አዳሪ ከገባች የላኳት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። በራቸውን ዘጉ፤ ብዙ ቀንም አልወጡ።

ብቻዋን የምትሄድበት የፈተናው ቀን ርእሰ መምህሩና መምህሯ የክፍሉ በረንዳ ላይ ቆሙ። እኔ ትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ አንጀቴ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ጎኔ ቁጭ አሉ። ፊቴን ወደ ልጄ መለስኩ።

ልጄ በበትሯ መሬቱን እየነካካች ሄደች። ደረጃው ስር የጽዳት ሠራተኛ ረስታው የሄደች ባልዲ ነበር። ተደናቅፋ በጉልበቷ ወደቀች። ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ አንጀቴ ክንዴን ቀጨም አድርገው መልሰው አስቀመጡኝ።

"ቁጭ በይ። አልጠራችሽም።"

ዞር ብዬ ባያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንባቸው ይወርዳል፤ ክንዴን ግን አልለቀቁም። ልጄ ባልዲውን በበትሯ ገፋ አድርጋ ተነሳች።

"የት ደረሰች?" አሉ በሹክሹክታ።

"ደረጃው ላይ።"

"አሁንስ?"

እንዲህ እየነገርኳቸው ልጄ ክፍሏ ገባች። ርእሰ መምህሩ ከበረንዳው ወርደው መጡና ትቆይ አሉን። ሌላ ነገርም ተናገሩ፤ እኔ አልሰማሁም።

እትዬ አንጀቴ ዓይናቸውን ገልጠው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ምስኪን፣ ጉልበትሽ ከድቶሻል። ነይ፣ ደግፌ ልውሰድሽ።"

መራመድ አላቃተኝም ነበር። ተደገፍኳቸው።